ሰው ሲከስር የጣቱ ቀለበት የማን ነው?

ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ኪሳራውን በፍርድ ቤት ለማሳወቅ የወሰነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቤቱና ስለ መኪናው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ሰነዱን ይዞ፣ ጠበቃውን ፊት ለፊት እያየ ይጠይቃቸዋል። ሌላው ጥያቄ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከጠበቃው ቢሮ ከወጣ በኋላ ለሚያምነው ሰው ብቻ ይነገራል። የጋብቻ ቀለበቴን ከጣቴ ያወልቁታል? እናቴ የሰጠችኝን የአንገት ሐብል ይወስዱታል? የአባቴ የእጅ ሰዓትስ? የተሸለምኩት ሜዳልያስ? ጠያቂው ያፍራል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን እየጠበቀበት ስለ አንድ ቀለበት መጨነቅ ራስ ወዳድነት ይመስለዋል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ የሚያሳፍር ሆኖ አይታየኝም። ሕግ ዕዳ ያጎበጠውን ሰው ምን ያህል እንደሚያከብረው ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። ነገሩን መከታተል የጀመርኩት አንድ የቅርብ ዘመዴ ንግዱ ወድቆበት የንብረት ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ አብሬው እንድቀመጥ በለመነኝ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለያዩ አገሮች ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል፣ በቀደሙት ዘመናት የከሰሩ ሰዎች ዕቃዎቻቸው የት እንደደረሱ ስፈልግና ሳነብ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ብዙ ሰው ከሚገምተው የከበደ ነው። ኪሳራ በታወጀ ጊዜ ከሳሪው የእኔ የሚለው ንብረት በመርህ ደረጃ ተጠቃሎ በአንድነት ይያዛል፤ ባለአደራም ይሾምለትና ለገንዘብ ጠያቂዎች ጥቅም ይተዳደራል። ይህ ማለት ግን በማግስቱ ሰዎች መጥተው ቁም ሣጥን ይበረብራሉ ማለት አይደለም። ቀለበቱ በጣቱ፣ ሰዓቱም በእጁ እንዳለ ሊሰነብት ይችላል፤ የተቀየረው በዕቃው ላይ የመወሰን መብት ነው። ትናንት ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ ለልጁ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ነገር ዛሬ ያለ ባለአደራው ፈቃድ ማንቀሳቀስ አይችልም። ከዚህ በኋላ ሕጉ ለባለዕዳው የሚተወውን ይለያል። በአሜሪካ ንብረቱ ሁሉ መጀመሪያ ከገባ በኋላ ባለዕዳው የሚገባውን ጠይቆ ያስወጣል፤ በእንግሊዝ ደግሞ የተወሰኑ ዕቃዎች ከመጀመሪያውም አይገቡም።

ለባለዕዳው የሚተው ነገር ሊኖር ይገባል የሚለው ሐሳብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ወፍጮ ወይም የወፍጮ መጅ በመያዣነት እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ ያን መውሰድ ነፍስን መውሰድ ነውና። እዚያው ምዕራፍ ላይ የድሃ ልብስ በመያዣነት ተወስዶ እንደ ሆነ ለብሶት እንዲተኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስለት ይላል፤ የመበለት ልብስ ግን ከነጭራሹ አይወሰድም። አበዳሪው መያዣውን ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ በደጅ ቆሞ እንዲጠብቅ የሚያዝዘውም ይኸው ምዕራፍ ነው። የእንግሊዝ የ1986 የኪሳራ ሕግ በ283ኛ አንቀጹ የሚያስቀረው ከዚህ እምብዛም አይርቅም፦ አንደኛ ባለዕዳው ራሱ ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች፣ መጻሕፍትና ተሽከርካሪ፤ ሁለተኛ ለእርሱና ለቤተሰቡ መሠረታዊ ኑሮ የሚያስፈልጉት ልብስ፣ የመኝታ ዕቃ፣ የቤት ዕቃና ስንቅ። ወፍጮውና ልብሱ ስማቸው ተቀየረ እንጂ አሁንም አሉ።

ቀለበቱ ግን የትኛውም ምድብ ውስጥ አይገባም። ሰው በቀለበት ሥራ አይሠራም፤ ያለ አንገት ሐብልም መኖር ይችላል። ሕግ አውጪዎች የሥራ መሣሪያንና የዕለት ኑሮን ለመጠበቅ ሲስማሙ ከሁለቱም ውጭ የሆነውን፣ ለኑሮ የማያስፈልገውን ነገር ግን ባለቤቱ ከሁሉ አብልጦ የሚወድደውን ዕቃ በተመለከተ እያንዳንዱ አገር የየራሱን መንገድ ይዟል።

የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ መንገዱን በገንዘብ ለካው። በ1978 የወጣው የኪሳራ ሕግ ባለዕዳውና ቤተሰቡ ለግል የሚያጌጡበት ጌጣጌጥ እስከ 500 ዶላር ድረስ እንዳይነካ ፈቀደ፤ ይህ ጣሪያ በየጊዜው እየተሻሻለ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ 2,125 ዶላር ደርሷል። ብዙዎቹ ግዛቶች ይህን የፌዴራል ዝርዝር ትተው በራሳቸው ዝርዝር ስለሚሠሩ አንድ ዓይነት ቀለበት በአንዱ ግዛት ሲተርፍ በሌላው ሊሸጥ ይችላል። የጀርመን ሕግ ግን ገንዘቡን ተወና ዕቃውን በስሙ ጠራው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ 811ኛ አንቀጽ የጋብቻ ቀለበት፣ ኒሻንና የክብር ምልክት በዕዳ እንደማይያዙ ይደነግጋል፤ በዕዳ የማይያዝ ነገር ደግሞ በኪሳራ ወደሚሸጠው ንብረት አይገባም። የፈረንሳይ ሕግም በማይያዙ ዕቃዎች ዝርዝሩ ውስጥ የግልና የቤተሰብ ማስታወሻ የሆኑ ዕቃዎችን፣ የልጆችን ዕቃና የቤት እንስሳትን ያስገባል። የእንግሊዝ ሕግ ይህን የመሰለ ቃል የለውም። ባለአደራው ለዕቃው ያለንን ፍቅር ሊያዝንልን ይችላል እንጂ ሊቆጥርልን አይገደድም፤ ዋጋ ያለው ቀለበት ከሆነ እንደ ማንኛውም ንብረት ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የነካው አሜሪካውያን በ2005 ያሻሻሉት አንድ ትርጓሜ ነው። አበዳሪ በባለዕዳው የቤት ዕቃ ላይ የያዘው የመያዣ መብት በምን ጊዜ ሊነሣ እንደሚችል ሲወስን ሕጉ የቤት ዕቃ ምን እንደሆነ መዘርዘር ነበረበት። የሥነ ጥበብ ሥራዎች በጠቅላላ፣ ጥንታዊ ዕቃዎችና ጌጣጌጥ ደግሞ ዋጋቸው ከተወሰነው መጠን ካለፈ፣ ከዚህ ትርጓሜ ውጭ ሆኑ። ሆኖም ሁለት ነገሮች ለብቻቸው ተነሥተው ተመለሱ፤ አንደኛው የጋብቻ ቀለበት ሲሆን ሁለተኛው ባለዕዳው ወይም ዘመዱ የሠራው፣ ወይም የባለዕዳውን ወይም የዘመዱን መልክ የያዘ ሥዕል ነው። ቁጥር በበዛበትና ንባቡ በሚያደክም ሕግ መካከል የሴት አያቱን ምስል ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ታሰበ። ያን አንቀጽ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አመሰግነው ነበር።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ሥር ያለው። የግል ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ ገበያ የሚሰጠው፣ ሌላው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው። በአብዛኞቹ ዕቃዎች ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ በቀለበት፣ በሰዓት፣ በሜዳልያ፣ በፎቶግራፍና በደብዳቤ ላይ ግን እጅግ ይራራቃሉ። ኪሳራ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህም ልዩነት ሕጉ ባላሰበበት አቅጣጫ አበዳሪው እጅ ላይ የማስፈራሪያ መሣሪያ ይሆናል። የ1978ቱን ሕግ ያዘጋጁት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ይህን በግልጽ ተረድተውት ነበር። አንዳንድ አበዳሪዎች በቤት ዕቃ ሁሉ ላይ መያዣ የሚጽፉት ሸጠው ገንዘባቸውን ለማግኘት አልነበረም፤ ያገለገለ የቤት ዕቃ የሚያወጣው ዋጋ ከማጓጓዣው አይተርፍምና። የሚጽፉት ባለዕዳው ዕቃውን ላለማጣት ሲል የማይችለውን ሁሉ እንዲከፍል ነው። ለአንዱ ወገን ምንም የማይጠቅም፣ ለሌላው ግን የማይተካ ነገር መያዣ ሲሆን የተያዘው ዕቃው ሳይሆን ሰውዬው ነው። ስለዚህም ሕጉ ለዕቃው መግዣ ካልተሰጠ ብድር የመጣውንና አበዳሪው በእጁ ያላደረገውን እንዲህ ያለ መያዣ ባለዕዳው በፍርድ ቤት እንዲያስነሣ ፈቀደለት።

ከዘመዴ ጋር ተቀምጠን ዝርዝሩን ስንጽፍ ይህን ልዩነት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቅጹ ዓምዶች አሉት፤ የዕቃው ዓይነት፣ የሚገኝበት ቦታ፣ የባለቤትነት ድርሻ፣ የዛሬ ግምት። የቤት ዕቃውን ሲያስጽፈኝ ፈጣን ነበር። ጌጣጌጥ ላይ ስንደርስ ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ ታሪኩን ሳይነግረኝ ግምቱን መናገር አቃተው፤ ይህን ማን እንደሰጠው፣ ያኛውን መቼ እንደገዛው፣ ያንን ለማን ሊሰጠው አስቦ እንደነበር። ታሪኩን የሚጻፍበት ዓምድ ስላልነበረ እኔ እያዳመጥኩ የምጽፈው ዓይነቱንና ግምቱን ብቻ ነበር። በኋላ ገማቹ መጥቶ የሰጠው ዋጋ ደግሞ ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሰው ዕቃውን የሚገምተው በገዛበት ዋጋ፣ ብሎም በወደደው መጠን ነው፤ ገማች ግን የሚያየው ዕቃው ዛሬ፣ በሐራጅ፣ የሻጩን ችግር ለሚያውቅ ገዢ ቢቀርብ የሚያወጣውን ነው። ያገለገለ ቀለበት ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በወርቁ ክብደትና በድንጋዩ ጥራት ይወሰናል፤ በላዩ የተቀረጸ ስምና ቀን ዋጋውን አይጨምረውም። ዘመዴ ይህን ሲሰማ ተከፋ። እኔ ግን ዝቅተኛው ግምት ለእርሱ እንደሚበጀው ገባኝ፤ ዕቃው በገበያ ርካሽ ሆኖ መገመቱ ከጥበቃው ጣሪያ በታች አድርጎ አስቀረለት።

ሽያጩ ራሱ ወጪ አለው። ገማች፣ አጫራች፣ ማጓጓዣ፣ የባለአደራው የሥራ ሰዓት፣ ሁሉም የሚከፈለው ከሽያጩ ገቢ ነው። ወጪው ሲቀነስ ለገንዘብ ጠያቂዎች ይህ ነው የሚባል ነገር የማይተርፍ ከሆነ አስተዋይ ባለአደራ ዕቃውን ይተወዋል፤ የአሜሪካ ሕግም ጥቅሙ ኢምንት የሆነን ንብረት ለባለቤቱ እንዲለቅ በግልጽ ይፈቅድለታል። በዚያ አገር በተራ ግለሰቦች የማጣራት ኪሳራ፣ ማለትም ንብረት ተሸጦ ዕዳ በሚከፈልበት ሥርዓት፣ ከሚከፈቱት መዝገቦች አብዛኞቹ ለገንዘብ ጠያቂዎች የሚከፋፈል ንብረት ሳይገኝባቸው የሚዘጉትም በዚህና በጥበቃው ጣሪያ ምክንያት ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ዕቃው ለኑሮ ወይም ለሥራ የሚያስፈልግ ሆኖ ነገር ግን እጅግ ውድ ከሆነ ባለአደራው እርሱን ሸጦ በምትኩ ያንኑ አገልግሎት የሚሰጥ ርካሽ ዕቃ ይገዛለታል። ለመኪና ወይም ለምድጃ ይህ ፍትሐዊ ነው። የአባትን ሰዓት የሚተካ ሰዓት ግን የለም፤ ሰዓት የሚቆጥር ሌላ ዕቃ እንጂ።

ዝርዝር ሲነሣ በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የታወቀውን አንድ ዝርዝር ሳላነሣ አላልፍም። ሠዓሊው ሬምብራንት በ1656 የአምስተርዳም ቤቱን ዕዳ መክፈል አቅቶት ንብረቱን ለገንዘብ ጠያቂዎች ለማስረከብ አመለከተ። በሐምሌ ወር የከተማይቱ የኪሳራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ቤቱ ገብተው ክፍል በክፍል እየዞሩ ያዩትን ሁሉ መዘገቡ፤ ዝርዝሩ 363 ተራ ቁጥሮች አሉት። የራሱና የሌሎች ሠዓሊዎች ሥዕሎች፣ በብዙ ጥራዝ የተያዙ ሕትመቶች፣ የሮማ ነገሥታት ምስሎች፣ የጦር መሣሪያዎች፣ የባሕር ዛጎሎች፣ እስከ አልጋና ማብሰያ ዕቃ ድረስ ተጽፈዋል። እነዚህ ለሬምብራንት ጌጥ ብቻ አልነበሩም፤ እያየ የሚሥልባቸው፣ ተማሪዎቹን የሚያስተምርባቸው ነበሩና በዛሬው ሕግ ቢሆን ከፊሎቹ የሥራ መሣሪያ ናቸው ብሎ በተከራከረ ነበር። በተከታታይ ሐራጆች ተሸጡ፤ ያወጡትም ዋጋ ዕዳውን አልሸፈነም። ቤቱም በ1658 ተሸጠ። ዛሬ ያ ቤት ሙዚየም ሲሆን ክፍሎቹ እንደ ቀድሞው የተደራጁት በዚያው የኪሳራ ዝርዝር መሠረት ነው። ዕቃዎቹ ተበተኑ፤ ያ ሰው ምን ይወድድ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ግን ሊያጣቸው ሲል በተጻፈው ወረቀት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የንብረት ዝርዝርን እንደ ደረቅ ሰነድ ማየት ትቻለሁ።

ከዕቃዎች ሁሉ ለመመደብ የሚከብደው ደብዳቤ ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ ሚኒስትር ጆናታን ኤይትከን የመሠረተው የስም ማጥፋት ክስ ከሽፎበት በወጪው ምክንያት በ1999 ሲከስር ባለአደራው የግል ደብዳቤዎቹን ለመሸጥ ፈለገ፤ ጸሐፊዎቻቸው የታወቁ ሰዎች ስለነበሩ ገዢ እንደሚገኝላቸው ግልጽ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው በ2000 በሰጡት ውሳኔ የግል ደብዳቤ ለከሳሪው እጅግ የራሱ የሆነ ነገር ስለሆነ በኪሳራ ወደ ባለአደራው የሚተላለፍ ንብረት አይደለም አሉ። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውዬው ለፍርድ ቤት በሐሰት መስክሮ የታሰረ ሰው መሆኑ የውሳኔውን ክብደት ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ጥበቃው የተሰጠው ለደግነቱ ሳይሆን ሰው በመሆኑ ነውና። በእንግሊዝ ሕግ ከዚህ ጋር የሚዘመድ አሮጌ መርህም አለ፤ ከሳሪው በአካሉ፣ በአእምሮውና በስሙ ላይ ለደረሰ ሕመም የሚያገኘው ካሣ ለገንዘብ ጠያቂዎች አይሆንም። ገበያ የሚያወጣ ነገር ሁሉ ንብረት አይደለም ማለት ነው።

አሁን ብዙ ቤተሰብን ወደሚያጣላው ጉዳይ ልምጣ። በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የአንድ ሰው አይደለም። የሚስቱ ጌጥ አለ፤ እኅቱ ለአደራ ያስቀመጠችው አለ፤ አያት ለልጅ ልጇ ‘ስታድግ የእሷ ነው’ ብላ ያኖረችው አለ። የሌላ ሰው ንብረት በከሳሪው እጅ በመገኘቱ ብቻ የከሳሪው አይሆንም፤ አደራም በኪሳራ አይበላም። ችግሩ ማስረጃ ነው። በቤተሰብ መካከል አደራ የሚሰጠው በቃል ነው፤ ማንም ለእናቱ ደረሰኝ አይጽፍም። ባለአደራው ደግሞ ብዙ ከሳሪዎች ‘የእኔ አይደለም’ ሲሉ ስለሰማ መጠርጠሩ ሥራው ነው። የቆየ ፎቶግራፍ ላይ እናትየዋ አጥልቃው የምትታየው ሐብል፣ የኢንሹራንስ ውል ላይ የተጻፈ ስም፣ የግዢ ወረቀት፣ ኑዛዜ፣ ይህንን የመሰለ ሁሉ በዚያን ጊዜ ከወርቁ የበለጠ ይከብዳል። ለልጅ በለጋነቱ የተሰጠው ስጦታም የልጁ ነው፤ ነገር ግን መሰጠቱን የሚያውቅ ምስክር ያስፈልጋል።

በጽሑፌ ሁሉ አጥብቄ ልናገረው የምፈልገው ነገር ይህ ነው፦ የሚወዱትን ዕቃ ለማትረፍ ብሎ ማሸሽ ዕቃውንም ራስንም የማጣት አቋራጭ ነው። ኪሳራ የቀረበበት ሰው ከሚፈተንባቸው ሐሳቦች ሁሉ የሚያታልለው ይኸኛው ነው፤ ስርቆት አይመስልምና። ቀለበቱን እኅቴ ዘንድ ላስቀምጥ፣ ሰዓቱን ለልጄ በስጦታ ልስጥ፣ ሐብሉን ለጓደኛዬ በትንሽ ዋጋ ልሽጥለትና በኋላ ይመልስልኛል። ሕጉ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አውቆታል። በእንግሊዝ ባለአደራው ያለ ዋጋ ወይም ከዋጋ በታች የተላለፈን ንብረት እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ማስመለስ ይችላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሁለት ዓመት ይሰጠዋል፣ በግዛቶች ሕግ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። እኅትየዋ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ የሸሸው ዕቃ በግልጽ ቢነገር ኖሮ በጥበቃው ውስጥ ሊቀር የሚችል ዕቃ መሆኑ ነው። የተደበቀ ዕቃ ግን ሲገኝ ጥበቃው ሊነፈገው፣ ባለቤቱም ከዕዳው ነጻ የመባል መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ቅጣቱም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ታማኙን ከሳሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዕዳው ነጻ ሲያወጣ ንብረቱን የደበቀውን ግን በሞት ይቀጣ ነበር፤ ጆን ፔሮት የተባለ የጨርቅ ነጋዴ በ1761 በለንደን በዚህ ወንጀል ተሰቅሏል። ዛሬ በአሜሪካ ንብረት መደበቅ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የቴኒስ ተጫዋቹ ቦሪስ ቤከር በ2017 በለንደን ከሰረ፤ በ2019 ዋንጫዎቹንና ልዩ ልዩ ማስታወሻዎቹን ባለአደራዎቹ በሐራጅ ሸጠው ወደ 687,000 ፓውንድ አገኙ። በ2022 ንብረቱን በማሸሽና በመደበቅ በአራት ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ሊታወስ የሚገባው ግን ሌሎች ዋንጫዎቹንና ሜዳልያዎቹን አላስረከበም በሚሉት ክሶች ነጻ መባሉ ነው። ያሳሰሩት ያላሳወቀው ቤት፣ አክሲዮንና ብድር፣ ከሂሳብ ያወጣውም ገንዘብ ነበሩ። በሐራጅ የተሸጡትን ዋንጫዎች ግን እንደ እርሱ ያለ ታሪክ የሌላቸው ሰዎች ገዝተው ወሰዷቸው፤ ይህን ሳስብ አሁንም ቅር ይለኛል።

ባለዕዳውን ብቻ ማሰብ ግን ልክ አይደለም። ከገንዘብ ጠያቂዎች መካከል ደመወዙን ያልተቀበለ ሠራተኛ፣ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ራሱ ሊከስር የደረሰ አነስተኛ ነጋዴ፣ ቁጠባውን ያበደረ ጎረቤት ሊኖር ይችላል። እነርሱም ቀለበት አላቸው፤ ምናልባትም በሌላ ሰው ዕዳ ምክንያት ሸጠውት ይሆናል። የአሜሪካው ጄኔራልና ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ይህን የተረዳ ሰው ነበር። በ1884 ስሙን የያዘው የገንዘብ ድርጅት በአጋሩ ማጭበርበር ሲፈርስ ከውድቀቱ በፊት በነበሩት ቀናት ከባለጸጋው ዊልያም ቫንደርቢልት 150,000 ዶላር ተበድሮ ነበር። ቫንደርቢልት ዕዳውን ሊተውለት ቢጠይቀው ግራንት እምቢ አለ፤ ንብረቱን፣ የክብር ጎራዴዎቹንና ሜዳልያዎቹን፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰጡትን ስጦታዎች ጭምር አስረከበው። ቫንደርቢልት ግን ዕቃዎቹን ለገበያ አላቀረባቸውም፤ ለሕዝብ እንዲቆዩ አደረገ፤ ዛሬም በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛሉ። ይህን ታሪክ የምወደው በሁለቱም ወገን ነው። ባለዕዳው ክብሩን ከዕዳው በላይ አላደረገም፤ አበዳሪውም የጎራዴው ዋጋ ከብረቱ እንደሚበልጥ አወቀ። ሆኖም የሰው ሁሉ አበዳሪ ቫንደርቢልት አይደለምና ይህን ለሰው በጎ ፈቃድ ብቻ መተው አይቻልም።

በተግባር ጥቂት በሮች ክፍት መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ከጥበቃው ጣሪያ ያለፈ ዕቃ ያለው ሰው ወይም ዘመዱ ከባለአደራው ጋር ተነጋግሮ በተገመተው ዋጋ መልሶ መግዛት ይችላል፤ የሐራጅ ወጪ ስለሚቀርለት ባለአደራው ብዙውን ጊዜ ይመርጠዋል። ዋጋው በከፊል ብቻ ጣሪያውን ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ትርፉን ብቻ ከፍሎ ማስቀረት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ዕቃው በራሱ ብድር የተገዛ፣ ወይም አስቀድሞ በአበዳሪው እጅ በመያዣ የተሰጠ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ መያዣው ከጥበቃው ስለሚቀድም ዕዳው ወይም የዕቃው ዋጋ ካልተከፈለ ይሄዳል። በኋላ የሚመጣውንም መርሳት አያስፈልግም። በአሜሪካ መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ በ180 ቀናት ውስጥ የወረሱት ንብረት ለገንዘብ ጠያቂዎች ይገባል፤ በእንግሊዝ ደግሞ ከሳሪው ነጻ ከመባሉ በፊት፣ ይኸውም በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የሚያገኘውን ባለአደራው ሊጠይቅ ይችላል። ልጇ የከሰረባት እናት ጌጧን ለማን እንደምታወርስ ኑዛዜዋን በዚያው ሰሞን ደግማ ብታየው የሚነቅፋት ሕግ የለም፤ የእሷ እስከ ሆነ ድረስ የመወሰኑ መብት የእሷ ነው።

ሕግ የማውጣት ሥልጣን ቢኖረኝ የጀርመኑንና የፈረንሳዩን መንገድ እመርጥ ነበር። የጋብቻ ቀለበት፣ ኒሻንና ሜዳልያ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና ደብዳቤ፣ በቤተሰብ እጅ የተሠራ ወይም የቤተሰብን መልክ የያዘ ሥዕል በስማቸው ተጠርተው ይጠበቁ። ጥበቃው ሀብትን በጌጥ መልክ ለማስቀመጥ መሸሸጊያ እንዳይሆን ከመጠን ያለፈ ዋጋ ያለው ዕቃ ይለይ፤ ያም ቢሆን ወደ ሐራጅ ከመሄዱ በፊት ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ በተገመተው ዋጋ በክፍያ የመግዛት ቅድሚያ ለአንድ ዓመት ይሰጣቸው። ገንዘብ ጠያቂው ያንኑ ገንዘብ ያገኛል፤ በትንሽ መዘግየት ብቻ። በቅጹም ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ባለዕዳው ከዕቃዎቹ መካከል ለእርሱ የማይተካው የትኛው እንደሆነ ምክንያቱን የሚጽፍበት፣ ባለአደራውም ከመሸጡ በፊት የማንበብ ግዴታ ያለበት።